ሃይሉክስ 22አር፦ ፈጣን መንገድ ላይ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ አጥፍቼ ሳስነሳ ይመለሳል (አዳማ)

ሃይሉክስ_አዳማ፦
ሰላም ናችሁ። አዳማ ነኝ፣ መኪናዋ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት፣ በፈረንጅ የ1990 ስሪት፣ አራት በአራት፣ ሞተሯ 22አር ቤንዚን ካርቡራቶር። አዎ አውቃለሁ ሁሉም ሰው ዲዝል ነው የሚነዳው፣ እሱን ተዉትና ወደ ጉዳዩ። ኪሎሜትሯን እንዳትጠይቁኝ፣ ቆጣሪው ሳልገዛት በፊት ነው የቆመው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም የላትም። ጠዋት ስትነሳ የዘይት ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ከግማሽ በላይ ይወጣል፣ ስትሞቅ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳልሰጣት ቆማ ስትዞር) ወረድ ይላል ግን አያስፈራም። ፈጣን መንገድ ወጥቼ ወደ አዲስ 100 ይዤ ስሄድ ግን እስከ ሞጆ ደህና ትሆንና ሞጆን አልፌ ወደ ቢሾፍቱ ስጠጋ ጌጁ ቀስ እያለ መውረድ ይጀምራል፣ ዝም ካልኩት ታች ድረስ ነው የሚሄደው። ዳር ይዤ አጥፍቼ ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ምንም እንዳልተፈጠረ ቦታው ይመለሳል!! ከዛ ጥቂት ኪሎሜትር፣ ደግሞ መውረድ። ወደ ሶደሬ ቀስ ብዬ ስነዳ ደግሞ ጭራሽ አይነካትም።

ዘይቱ 20ደብሊው50 ነው፣ በቅርብ የተቀየረ፣ ፊልትሮውም አብሮ። መለኪያ ዘንጉ ላይ ሙሉ ነው። ያሳየሁት ጋራዥ ምንም ሳይለካ በመስኮት ጌጁን አየት አድርጎ "ኮሎ አልቋል፣ ሞተር ይውረድ" አለኝ (ኮሎ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ ነው)፣ የጠራው ብር ደግሞ ሌላ መኪና ቀብድ ያስይዛል። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ሌላው፣ ጠዋት ስትነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል ሸር ሸር የሚል ድምፅ ለአፍታ ይሰማና ይጠፋል። ከገዛኋት ጀምሮ ያለ ነው፣ ከዚህ ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም።

ናዝሬት_ሙቀት፦
አቦ የናዝሬት ፀሐይ ነው ዘይቱን ውሃ የሚያደርገው። ወፍራሙን 50 ሞኖ ገልብጥበትና ተገላገል። አጎቴ ሚኒባሱን በሱ ነው ስንት ዓመት የነዳው ከዛም ሸጠው።

የሞጆ_ሹፌር፦
ሸጠው ያልከው ላይ ነው ነገሩ ያለው 😂

መልቲሜትር፦
ሃይሉክስ፣ ከመደንገጥህ በፊት ጌጁን ራሱን ጠርጥረው። ሞተሩ ላይ ያለው ሴንሰር ያረጃል፣ ሶኬቱ ላይ ዘይት ይገባል፣ ሽቦው ከሙቀት ብዛት ይደርቃል። ሴንሰሩ አርዝ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በብሎኩ (በሞተሩ አካል) በኩል ነው፣ እና አንዳንድ ሰው ዘይት እንዳያንጠባጥብ ብሎ ቴፍሎን በላዩ ላይ ይጠቀልልበታል፣ ከዛ አርዙ ይደክምና ጌጁ የፈለገውን ያሳያል። እነዚህን ጥያቄዎች መልስልኝ፦ ጌጁ ሲወርድ የሙቀትና የቤንዚን ጌጁም አብረው ይወርዳሉ? መብራትና ማራገቢያ ስታበራ የሚለወጥ ነገር አለ? ሶኬቱን ስታወዛውዘው ጌጁ ይንቀሳቀሳል? ሦስቱም አብረው ከወረዱ የዳሽቦርዱ ቮልቴጅ ወይም አርዝ ነው፣ ሞተሩን ተወው።

የዘይቱ ብቻ ከሆነ ግን የመኪናው ጌጅ አያጣራልህም። የዚያ ዘመን ጌጅ ውስጡ በሙቀት የሚተጣጠፍ ብረት ነው፣ እውነትም ይሁን ሐሰት ቀስ ብሎ ነው የሚያሳይህ። ስለዚህ ቀስ ብሎ መውረዱ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም።

ሃይሉክስ_አዳማ፦
አመሰግናለሁ እህቴ። የዘይቱ ብቻ ነው የሚወርደው፣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ነው ያሉት። ሶኬቱንም ነካካሁት ምንም የለም። ቴፍሎን የለበትም።

ላንድ_75፦
ልጄ፣ እኔ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ነው የምነዳው፣ ሞተሩ ሌላ ቢሆንም ዘይት ዘይት ነው። ከአዳማ ወደ አዲስ ስትወጣ ዳገት እኮ ነው፣ አዳማ 1600 ሜትር ግድም ናት፣ አንተ እየወጣህ 2000ን አልፈህ ነው የምትሄደው፣ ያውም 100 ይዘህ። ሞተሩ ይሰራል ዘይቱ ይግላል ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ወደ ሶደሬ ቁልቁል ነው በዚያ ላይ ቀስ ብለህ ነው። መጀመሪያ ይሄን አስብ እላለሁ።

ሃይሉክስ_አዳማ፦
ጋሼ እሱን እኔም አስቤው ነበር። ግን አጥፍቼ 5 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ሳስነሳት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ዘይቱ በ5 ደቂቃ አይቀዘቅዝም አይደል?

ላንድ_75፦
ልክ ነህ፣ አይቀዘቅዝም። እንግዲህ የሚያውቅ ይምጣ።

ጋራዥ_ውስጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው ያየሁት። ሃይሉክስ ወንድሜ፣ ቁልፉን ራስህ ነው የጻፍከው፣ አጥፍተህ ስታስነሳ ይመለሳል ያልከው ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንሂድ።

ኮሎውና ቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ላይ ያሉት ብሮንዞች (ዘንጉ የሚዞርባቸው ስስ ማረፊያዎች) ሲያልቁ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ ሳይጨነቅ በክፍተቱ ያመልጣል። እንዲህ ያለ ሞተር የሚጋለጠው በደንብ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቆሞ ነው፣ ትራፊክ መብራት ላይ ቆመህ ጌጁ ይሞታል፣ ቤንዚን ስትሰጠው የዘይቱ ፖምፓ ብዙ ስለሚገፋ ይነሳል። ያንተ ግልባጩ ነው!! ሚኒሞ ላይ ደህና፣ ዙር በዝቶ ሲቆይ ነው የሚወርደው። ኮሎ ያለቀበት መኪና አዳማ ፖስታ ቤት ጋ መብራት ላይ ነው የሚያስጨንቅህ እንጂ ቢሾፍቱ ድረስ አይጠብቅህም። ኮሎ አልቋል ያለህ ሰው ይሄን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅህ ኖሮ ሞተር ይውረድ አይልም ነበር።

ታዲያ ምንድነው? የመግፋት ሳይሆን የመሳብ ችግር ነው የሚመስለኝ። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ የሚጠራቀምበት ዕቃ) ውስጥ ዘይት የሚስበው ቧንቧ ጫፉ ላይ ወንፊት አለው። ኮፓው ውስጥ ቆሻሻ ካለ፣ ፖምፓው በሀይል ሲስብ ቆሻሻው እየተሰበሰበ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፣ ጭማቂ ስትጠጣ ስትሮው ጫፍ ላይ የፍሬው ቆዳ እንደሚለጠፍብህ ማለት ነው። ስታጠፋው መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻው ይራገፍና ኮፓው ላይ ይተኛል። ስታስነሳ ወንፊቱ ክፍት ነው፣ ግፊት አለ። እስኪሰበሰብ ድረስ። ቀስ ብለህ ስትነዳ ደግሞ የሚሳበው ዘይት ጥቂት ስለሆነ ቆሻሻውን አንስቶ የሚለጥፍ ጉልበት የለውም፣ ሶደሬ የማይነካህ ለዛ ነው።

ለዚህ ነው 50 ሞኖ የሚባለውን ምክር የማልወደው። ወፍራም ዘይት በተደፈነ ወንፊት ማለፍ የበለጠ ይከብደዋል፣ በተለይ ጠዋት ሲቀዘቅዝ። ጌጁ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ታየዋለህ፣ ፖምፓው ግን አየር እየሳበ ነው። ሞተር ማጠቢያ ተብሎ የሚሸጠውንም እንዳትጨምርበት፣ ኮፓው ላይ የተጋገረውን ሁሉ ፈቅፍቆ ወንፊቱ ላይ ነው የሚያመጣልህ።

ናዝሬት_ሙቀት፦
እሺ ባለሙያው ካለ ይሁን 🙏 አጎቴን እነግረዋለሁ

ጋራዥ_ውስጥ፦
አልጨረስኩም። ተጠርጣሪ ሌላም አለ፣ የፖምፓው ሪሊፍ ቫልቭ። ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ትርፉን የሚመልስ ትንሽ ፒስተን ነው፣ ቆሻሻ ከያዘው ተከፍቶ ይቀራል፣ እሱም ስታጠፋ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱን የምትለየው እንዲህ ነው። ጌጁ ወርዶ ሳለ ሳታጠፋ ፍጥነትህን ወደ 60 ቀንስና ተመልከት። ሪሊፉ ተከፍቶ ቀርቶ ከሆነ ዙር ስትቀንስ ግፊቱ የባሰ ይወርዳል፣ ሚኒሞ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ወንፊቱ ከሆነ ግን ዙር ስትቀንስ ፖምፓው የሚፈልገው ዘይት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ባለበት ይቆማል እንደውም ከፍ ሊል ይችላል።

ይሄ ሁሉ ግን በሜካኒካል ጌጅ ነው። የመኪናው ጌጅ ቁጥር የለውም፣ መልቲሜትር እንዳለችው አይታመንም። ሴንሰሩን ፍታና በቦታው ቱቦ ያለው ጌጅ እሰር፣ ቱቦውን በመስኮት አስገባ፣ ሌላ ሰው ይዞ ያንብብልህ አንተ መንገድህን እይ። የቶዮታ ማኑዋል ለዚህ ሞተር የሚለው ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3 ባር ግድም፣ 3000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ባር አካባቢ ነው። 0.3 ስትሰማ ትንሽ ነው ትላለህ ግን እሱ የመጨረሻው ወለል ነው፣ ደህና 22አር ከዛ በጣም በላይ ነው የሚቆመው።

እና ያ ጠዋት የሚሰማህ ሸር ሸር፣ እሱን ንቀህ መጨረሻ ላይ ጻፍከው እንጂ እኔ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቆይ ልመለስበት፣ ደንበኛ መጣ።

ቶርኖ_ቤት፦
ጌጅ ልታስር ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የሃይሉክሱ ሴንሰር ጥርስ 1/8 ነው፣ ግን የእንግሊዙ 1/8 ነው፣ በኢንች 28 ጥርስ። ገበያ ላይ ከጌጁ ጋር የሚመጣው መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ የአሜሪካኑ 1/8 ነው፣ 27 ጥርስ። በእጅህ ጥቂት ዙር ይገባልህና የገባ ይመስልሃል ከዛ ይጠነክራል፣ ቁልፍ ይዘህ ከገፋኸው የብሎኩን ጥርስ ትበላዋለህ። በእጅ ጠልቆ ካልገባ ቶርኖ ቤት ውሰደው፣ መጋጠሚያ መስራት ቀላል ነው፣ ብሎክ መጠገን ግን ቀላል አይደለም።

የሞጆ_ሹፌር፦
ወንድሜ ደግሞ ፈጣን መንገድ ላይ ዳር እየያዝክ አታጥፋ፣ የጭነት መኪና ንፋሱ ራሱ ይገፋሃል። ከመውጫዎቹ በአንዱ ውጣና ሞክር፣ ሞጆ አለ ቢሾፍቱ አለ ዱከም አለ።

ጋራዥ_ውስጥ፦
ተመለስኩ። 22አር ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው በካቴና (በሰንሰለት) ነው። እስከ 1982 ድረስ ካቴናው ድርብ ነበር፣ ከ1983 ወዲህ ነጠላ ሆነ፣ ካቴናው የሚንሸራተትባቸው መሪዎችም ፕላስቲክ ናቸው። ዕድሜ ሲጠግቡ ፕላስቲኩ ይደርቃል ይሰበራል። የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በኩል ያለው ነው። ካቴናውን የሚወጥረው ደግሞ በዘይት ግፊት ነው የሚሰራው፣ ጠዋት ግፊት እስኪመጣ ካቴናው ልል ነው፣ መሪው ከሌለ ካቴናው የፊት ሽፋኑን ይመታል፣ ያ ነው ሸር ሸር የሚልህ። ግፊት ሲመጣ ይጠፋል።

እና የተሰበረው ፕላስቲክ የት የሚሄድ ይመስልሃል? ቀጥታ ኮፓ።

ኮፓ ከማውረድህ በፊት የቫልቭ ክዳኑን አንሳ፣ ጥቂት ዳዶ ነው፣ በባትሪ መብራት ከካቴናው ጎን ቁልቁል እይ። በሹፌር በኩል መሪው አለ ወይስ የለም? ካለ ሙሉ ነው ወይስ ተሰብሯል? ሌላም ልጠይቅህ፣ ራዲያተር ውሃ ይቀንሳል? መለኪያ ዘንጉን ስታሸት ቤንዚን ቤንዚን ይላል? ዘይቱ ቡና በወተት ዓይነት ቀለም አለው?

ሃይሉክስ_አዳማ፦
ውሃ አይቀንስም፣ ዘይቱ ጥቁር ነው ግን ንፁህ ጥቁር። ቤንዚን የሚሸት አይመስለኝም። ቤንዚኑን ለምን ጠየቅከኝ?

ጋራዥ_ውስጥ፦
ካርቡራቶር ያለው 22አር የቤንዚን ፖምፓው ሜካኒካል ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ነው የታሰረው፣ ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ያወርዳል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ መለኪያው ላይ ደግሞ "ሙሉ" እያለ ያታልልሃል። ዘይቱ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ ሁልጊዜ ፍራ። ውሃውን የጠየቅኩህ ካቴናው የፊት ሽፋኑን እየፋቀ ከበሳው ከኋላው ያለው የውሃ መንገድ ስለሆነ ነው፣ ያኔ ውሃና ዘይት ይቀላቀላል፣ ያ ከሆነ መኪናዋን ከግቢ እንዳታስወጣት ልልህ ነበር። አንተ ገና ነህ፣ እግዜር ይመስገን።

የድሮውን ፊልትሮ ካልጣልከው በመጋዝ ቁረጠውና ወረቀቱን ዘርግተህ ፀሐይ ላይ እየው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ፣ በተለይ የመዳብ ወይ የእርሳስ ቀለም፣ ኮሎ አልቋል ያለህ ሰው ልክ ሊሆን ይችላል።

ዲኤክስ_ፍቅር፦
ይሄን ክር ሴቭ አድርጌዋለሁ። የኔ ዲኤክስም (ኮሮላ) የዘይት መብራቷ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ብልጭ ብልጭ ትላለች። ጨርሱና እመጣለሁ።

ሃይሉክስ_አዳማ፦
እሺ ስሙ። ፊልትሮውን ቆረጥኩት፣ ጥቁር ዝቃጭ እንጂ የሚያብረቀርቅ የለም። ክዳኑንም አነሳን (ጎረቤቴ መብራት እየያዘልኝ)፣ በተሳፋሪው በኩል መሪው ይታያል፣ በሹፌሩ በኩል ግን ባዶ ነው!! የላይኛው ብሎኑ ብቻ ነው ያለው፣ ትንሽ ቡናማ ስባሪ ይዞ ቆሟል።

ጌጁንም ከአንድ ጓደኛዬ ተዋስኩ፣ መጋጠሚያው እውነትም አልገባ አለ፣ ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰራሁት፣ ተባረክ አንተ ሰው። ግቢ ውስጥ ሞቃ ሚኒሞ ላይ 1.1 ባር፣ 3000 ዙር ላይ 3.5። ፈጣን መንገድ ላይ ስንወጣ 3.4 ነበር፣ ሞጆን ስናልፍ 3፣ ከዛ 2.2፣ እዚህ ላይ ቀስቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ 1.2 ላይ ሲደርስ ጓደኛዬ "ኧረ በቃ" አለኝ። እግሬን አነሳሁ፣ 60 ላይ ያዝኳት፣ ወደ 1.7 ከፍ አለ! ቢሾፍቱ መውጫ ላይ ወጥተን አጥፍተን ሻይ ጠጣን፣ ስናስነሳ 3.4። እዛው ተመልሰን በቀስታ አዳማ ገባን፣ ምንም።

መልቲሜትር፦
እንግዲህ ጌጁ አልዋሸም፣ ሞተሩ ነው። ይሄ መረጃ የሚያምር ነው፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ለክቶ ቢመጣ።

ጋራዥ_ውስጥ፦
ከ1.2 ወደ 1.7 የወጣው ነው ሁሉንም የዘጋው። ቀስቱ የተንቀጠቀጠው ፖምፓው ባዶ መሳብ ሲጀምር ነው። በቃ ወንፊቱ ነው። እስክትሰራት ድረስ ፈጣን መንገድ የሚባል ነገር እርሳው፣ እስካሁን ብሮንዙ የተረፈው አንተ ጌጁን እያየህ ስለምታቆም ነው።

ሥራው ላይ ደግሞ አንድ ምክር። ኮፓ ብቻ አውርደህ ወንፊት አጥበህ እንዳትመልስ። ስባሪው የመጣበት ችግር እዛው ነው ያለው፣ ካቴናው ሽፋኑን እየፋቀ ነው። የፊት ሽፋኑ ይከፈት፣ ካቴናው፣ ሁለቱም መሪዎች፣ መወጠሪያው አብረው ይቀየሩ። መሪዎቹን ጀርባቸው ብረት የሆነውን ፈልግ፣ ይሸጣል። ያንተ የፊት አክስሉ በባሌስትራ ስለሆነ ሻሲውን ከፍ አድርገህ አክስሉን ብታንጠለጥለው ኮፓው ሞተር ሳይነሳ ይወጣል። ሞተር ይውረድ የሚልህን አትስማ።

ፖምፓውም ከፊት ስለሆነ ሲከፈት ጎማ ኦሪንጉ ይቀየር፣ ሪሊፉም ወጥቶ ይታጠብ፣ እጅህ ላይ እንደልብ የሚንሸራተት መሆን አለበት። ኮፓው በወረደበት የአንዱን ቢየላ ብሮንዝ ፍታና እይ፣ አመድማ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ይመለስ፣ መዳቡ ከታየ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። ክፍተቱን የሚለካ ካገኘህ ወሰኑ 0.1 ሚሊሜትር ነው።

ላንድ_75፦
ልጄ ዕቃውን ሶማሌ ተራ ፈልግ፣ ግን አሮጌ ካቴና አትግዛ፣ አሮጌ በር ግዛ አሮጌ መስታወት ግዛ፣ ካቴና ግን አዲስ።

ሃይሉክስ_አዳማ፦
እሺ ጋሼ። ሌላ ጋራዥ አግኝቻለሁ፣ ይሄን ክር አንብቦ "ሰውየው የሚያውቀውን ነው የሚያወራው" ብሎኛል፣ ነገ ይጀምራል።

...

ሃይሉክስ_አዳማ፦
ኮፓው ወረደ!! ያየሁትን ብታዩ። ቡናማ የፕላስቲክ ስባሪ እፍኝ ሙሉ፣ ትልቁ የአውራ ጣቴን ያክላል። የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ወንፊቱን የሸፈነው ትልቅ ነገር ሲሊኮን ነው፣ ግራጫ የሲሊኮን ክር፣ ቁራጭ፣ ልብስ ላይ እንደሚወጣ ጉድፍ ሳይሆን ረጃጅሙ። ከእኔ በፊት ኮፓውን የፈታ ሰው ጓርኒሲዮን ቆጥቦ ሲሊኮኑን እንዳለ አፍስሶበታል፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ደግሞ ተበጥሶ ወረደ። ፕላስቲኩና ሲሊኮኑ ተጠላልፈው አንድ ላይ ነው ወንፊቱ ላይ የሚተኙት።

ብሮንዙን አየነው፣ አመድማ ነው፣ መዳብ የለም። የፊት ሽፋኑ ውስጥ ካቴናው ጥልቅ መስመር አውጥቷል፣ አልበሳም ግን ብዙም አልቀረውም ነበር ይላል መካኒኩ፣ ሽፋኑን ልቀይር ነው።

ጋራዥ_ውስጥ፦
ሲሊኮን!! በየቀኑ ነው የማየው ይሄን። ስሙ፣ ሲሊኮን ሲቀባ ከውጭ በኩል ስትጭነው የሚወጣው ያህል ወደ ውስጥም ይወጣል፣ ከውጭ ያለውን በጨርቅ ትጠርገዋለህ የውስጡን ማን ይጠርገዋል? የሚበቃው ቀጭን መስመር ነው፣ የክብሪት እንጨት ውፍረት የማይሞላ፣ ያውም የሁለት ዕቃ መጋጠሚያ ማዕዘን ላይ። ብዙ የቀባ ሰው አጥብቆ የሰራ ይመስለዋል። መካኒክህን አጠገቡ ቆመህ እየው፣ ተሳዳቢ ቢሆንም እየው።

ሲመለስ ፖምፓውን ደረቁን እንዳታስገቡት፣ ዘይት ሙሉበት ወይም ቫዝሊን ጠቅጥቁበት፣ አለዚያ ባዶ ፖምፓ ዘይት መሳብ ያስቸግረዋል። ከዛ የኮይሉን ሽቦ ነቅላችሁ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩ፣ በየመሃሉ ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ፣ ጌጁ ላይ ግፊት እስክታዩ። ግፊት ሳይታይ እንዳይነሳ።

ቶርኖ_ቤት፦
የወንፊቱ ቧንቧ የሚታሰርበት ጓርኒሲዮንም አዲስ ይሁን። እዛ ጋ አየር ከሳበ ያው ወንፊት ስትጠርግ የዋልክበት ችግር በሌላ በር ይመጣል።

ሃይሉክስ_አዳማ፦
ተሰብስባ ተነሳች። ጠዋት ሸር ሸር የለም፣ ፀጥ። ሜካኒካሉን ጌጅ ሳልፈታ ይዤ ወጣሁ፣ 100 ላይ ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ (አዲስ መግቢያ) ድረስ 3.4፣ ሲግል 3.2፣ እዛ ላይ ቆመ። ጋሼ ላንድ ያሉት መጋል እሱ 0.2 ነው ማለት ነው 😀 ሚኒሞ ላይ 1.1 እንደነበረ ነው። ዘይቱ ያው 20ደብሊው50። መካኒኩ ቶሎ ቀይረው ብሎኛል የቀረ ዝቃጭ ካለ እንዲወጣ።

ለሞተር ማውረጃ ከተጠየቅኩት ጋር ሲወዳደር ካቴናው፣ መሪዎቹ፣ ሽፋኑ፣ የእጅ ዋጋው ሁሉ ተደምሮ ግማሹንም አልሞላ።

ላንድ_75፦
ጎሽ! 0.2 ም ቢሆን ልክ ነበርኩ።

ናዝሬት_ሙቀት፦
አጎቴ ያንን ሚኒባስ የሸጠለት ሰው ይሄን ክር ባያይ ነው የሚሻለው

ዲኤክስ_ፍቅር፦
እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ወደኔ። ዲኤክስ፣ 4ኬ ሞተር፣ ጌጅ የለውም መብራት ብቻ ነው። በደንብ ሞቃ ሚኒሞ ላይ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች፣ ትንሽ ቤንዚን ስሰጣት ትጠፋለች። እኔም ወንፊት ነው?

ጋራዥ_ውስጥ፦
አይደለም፣ ያንተ የሱ ግልባጭ ነው፣ ሚኒሞ ላይ ነው የሚወርድብህ። መጀመሪያ ሚኒሞው በጣም ወርዶ እንደሆነ እይ፣ ካርቡራቶሩን የነካካ ሰው አለ? ቀጥሎ የመብራቱ ስዊች፣ ርካሽ ነው፣ ሲያረጅ ያለ ጊዜው ያበራል። ከዛ ለካ። ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቁጥሩ ደህና ሆኖ መብራቱ ከበራ ስዊቹ ነው። ቁጥሩ እውነት ከወረደ፣ ያኔ የፖምፓና የብሮንዝ ወሬ ነው፣ አዲስ ክር ክፈት እዛ እንገናኝ። ከመክፈትህ በፊት ግን ለክተህ ና።

ዲኤክስ_ፍቅር፦
ጌጅ ከየት ላምጣ?

ሃይሉክስ_አዳማ፦
እኔ ጋ ነው፣ ጓደኛዬ ይቆይ ብሎኛል። አዳማ ከሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። መጋጠሚያውም ከነቱቦው አለ፣ ቱቦውን ግን ከማርሚታው አርቀህ እሰረው ናይሎን ነው።